የመስቀል ሰንጋ ብር የት ይገባል? «በዓል ትናንሽ ከተሞችን ያደኸያል» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ በአንድ ቀን ከአራት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ «ይኸው! ስንል አልነበር?» ብለው፣ አንዷ «እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» ብላ፣ አራተኛው ደግሞ አንዲት ቃል ሳይጨምር ልከውልኛል። አራቱም ጉራጌ መሆናቸው እንዲያው የሆነ ነገር አይደለም፤ ጽሑፉ ዋና ምሳሌ ያደረገው የእኛን መስቀል ነው።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። በዓል ትናንሽ ከተሞችን ያነቃቃል የሚባለው ተረት ነው፣ እንዲያውም ያደኸያቸዋል ይላሉ። ለዚህም አምስት ምክንያት ይደረድራሉ። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ አገር ቤት ሲገባ ሥራ ይቆማል። ዓመት የተለፋበት ገንዘብ በአንድ ሳምንት ሥጋና ቅቤ ሆኖ ያልቃል። ገባ የተባለው ብር በቢራው፣ በልብሱና በመኪናው በኩል ዞሮ አዲስ አበባ ይገባል። ዋጋ ይንርና አዲስ አበባ ላይ ልጅ የሌለው ነዋሪ ይጎዳል። በመጨረሻም በዓሉ ሲያልፍ የሚቀር ነገር የለም፤ ሆቴሉ ባዶውን ይውላል። ለዚህ ለመጨረሻው ቁልቢን ይጠቅሳሉ፦ በዓመት ሁለቴ ያን ሁሉ ሕዝብ ተቀብላ እስከ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት።

ጽሑፉ የሚናቅ አይደለም። የዋጋው ነገር እውነት ነው፤ የቁልቢው ምሳሌም ሁለት ቀን አሳስቦኛል። ድምዳሜው ግን ልክ አይመስለኝም። ጸሐፊው በዓሉን የተመለከቱት እንደ ትልቅ የገበያ ቀን ነው፤ ትናንሽ ከተሞችን የሚያቆመው ደግሞ የበዓሉ ሌላ ጎን ነው።

ስለ ተዘጋው ሱቅ ብዙ አልልም። መርካቶ ውስጥ በመስቀል ሰሞን ተከታትለው የተቆለፉ ሱቆች ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን መስከረም 16 ቀን ብረት ድስት ሊገዛ ወጥቶ ሱቁ የተቆለፈበት ሰው ድስት መግዛቱን አይተወውም፤ ወይ ከአጠገቡ ይገዛል ወይ በሳምንቱ ይመለሳል። ባለሱቁም ቢሆን ከእንቁጣጣሽ በፊት ጀምሮ ሌት ተቀን ሲሸጥ ከርሞ ነው የሚቆልፈው። ይህ ሁሉ ይቅርና ኪሳራው አለ ብንል እንኳ የአዲስ አበባ ኪሳራ ነው። የተነሳው ጥያቄ ስለ እኛ አገር ትናንሽ ከተሞች፣ ስለ እምድብር፣ ስለ አገና፣ ስለ ቡታጅራ አልነበረም እንዴ? እኔ እንጀራዬ የሂሳብ ሥራ ነው፤ የአንዱን ድርጅት ወጪ በሌላው መዝገብ ላይ የጻፈ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሄ የማን ነው?» ተብሎ ነው።

ብዙ ሰው «እውነት ነው» ያለው በሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው፤ የዓመት ጥሪት በሳምንት ተበላ በሚለው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሰንጋው ከመበላቱ በፊት ተሽጧል። ይህን ያህል ቀላል ነገር እንዴት እንደሚረሳ አይገባኝም። ለአንዱ ወጪ የሆነው ብር ለሌላው ገቢ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ሌላው ማለት የዚያው አካባቢ ገበሬ ነው። ለመስቀል የሚያደልብ ገበሬ ከወራት በፊት የከሳ በሬ ገዝቶ በእንሰት ቅጠል፣ በሣርና በአተላ ሲቀልበው ይከርማል። ቀኑን ያውቃል። መስከረም ላይ ገዢው እንደሚመጣ ባያውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ድካም ባልጀመረው ነበር። ብሩ እጁ የሚገባበትን ወር ደግሞ ተመልከቱ። መስከረም ክረምቱ ሊወጣ የተቃረበበት፣ የዓምናው እህል የተሟጠጠበት፣ አዲሱ አዝመራ ገና ያልደረሰበት ወር ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተውም ያኔ ነው፤ ደብተር፣ ጫማ፣ የደንብ ልብስ። ጸሐፊው «ተበላ» ያሉት ብር ለገበሬው የልጆቹ ደብተር ሆኖ ተገዝቷል።

ስለ ቁጠባውም እንነጋገር። «ያ ገንዘብ ባይበላ ኖሮ ይጠራቀም ነበር» የሚል ግምት ከጽሑፉ ሥር ተደብቋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ገንዘቡ የተጠራቀመው መስቀል ስላለ ነው። ወንዶቹ ለቅርጫው በሬ ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ ያስቀምጣሉ፤ ሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ አላቸው። ከባንክ ቤት ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። ቀኑ ቁርጥ ነው፤ አይራዘምም፤ መስከረም ሲጠባ ባዶ እጁን የሚገኝ ሰው ጎረቤቱን ቀና ብሎ ማየት ያፍራል። ዲሲፕሊኑን የሚያመጣው ይህ ነው። መስቀልን አውጥታችሁ ጣሉትና የዕቁቡ ብር የት እንደሚሄድ ጠይቁ። በየሳምንቱ በሻይና በጫት፣ በዚህችና በዚያች ተበትኖ ያልቃል እንጂ ፋብሪካ አይተከልበትም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣለሁ። በብድር የሚያከብር ሰው አለ። የሰው መኪና ተከራይቶ በሰፈሩ ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ወጣት አይቻለሁ፤ ከአራት ወር በኋላ ያው ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ አጥቶ ደወለልኝ። ይህ በሽታ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ይናገሩታል። ነገር ግን የአንድ ሰው ጉራ የበዓሉ ሥርዓት አይደለም።

ወደ ሦስተኛው፣ ማለትም ገንዘቡ ተመልሶ ይወጣል ወደሚለው እንሂድ። ይህ በወረቀት ላይ የሚጣራ ጥያቄ ስለሆነ እናቴ ቤት የመስቀል ገበታ ላይ የሚቀርበውን አንድ በአንድ ላንሳ። ሥጋው ከአካባቢው የከብት ገበያ ነው። ቅቤው የሴቶቹ ነው። አይቡና ጎመኑ ከጓሮ ነው። ቆጮው ከእንሰቱ ነው፤ እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ስለሆነ ከበላዩ የሚገኘውም ብር በአብዛኛው ሴቷ እጅ ይገባል። ክትፎው የሚቀርብበት ጣባ የሸክላ ሠሪዎች እጅ ሥራ ነው፤ ለበዓሉ አዲስ የሚገዛ ብዙ ነው። ቤቱ ይለቀለቃል፣ ጅባው ይቀየራል፣ ማገዶው ይሸመታል። የሚፈጨው ሚጥሚጣና የሚነጠረው ቅቤ ቅመምም ከእዚያው ገበያ ነው። ከከተማዋ የሚወጣው ምንድን ነው? ስኳር፣ ቢራ፣ ለስላሳ፣ የልጆች ልብስ፣ የመኪና ሂሳብ። ቀላል ነው አልልም። የበዓሉን ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሥጋና ቅቤ ግን ከአዲስ አበባ ተጭነው አይመጡም።

ይህን ከሌላው የዓመቱ ወጪ ጋር አወዳድሩት። ጥር ላይ አንድ የገጠር ቤተሰብ ብር ቢያገኝ ምን ይገዛበታል? የስልክ ካርድ፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ከመርካቶ የተጫነ ጫማ። ከዓመቱ ወጪ ሁሉ ይበልጡኑ እዚያው አገር ቤት የሚቀረው የመስቀሉ ነው። ጸሐፊው ገንዘብ ያወጣል ብለው የከሰሱት በዓል ገንዘብን ከሁሉ የበለጠ የሚያስቀረው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

«ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል» ሲሉ ደግሞ የማን አዲስ አበባ እንደሆነ አልጠየቁም። ልብሱን የሸጠው ባለሱቅ ራሱ መስከረም ላይ አገር ቤት የሚገባው ሰው ነው። መጥቶ ምን ያያል? የእናቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል እንደጎደለው፣ ድልድዩን ክረምቱ እንደወሰደው በዓይኑ ያያል። ስልክ ላይ «ደህና ነን» የሚሉ እናቶች ከዘነበባቸው አልጋ ላይ ሆነው ነው «ደህና ነን» የሚሉት፤ ይህን የሚያውቀው የገባ ልጅ ብቻ ነው። በማግስቱ አናጢ ይጠራል፣ ቆርቆሮ ይገመታል፣ ቀብድ ይከፈላል። ሥራው የሚሠራው መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በበጋው ነው። የጽሑፉ ሂሳብ ውስጥ ግን ይህ ብር የለም፤ ምክንያቱም በበዓሉ ሳምንት አልወጣም። ቀብዱ ግን የተቆረጠው በበዓሉ ሳምንት ነው።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የመንገድ ሥራ ማኅበር መሥርተው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር ማገናኘት መጀመራቸውን ታሪኩን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ያን ያህል ሰው ስለ አንድ ጭቃ መንገድ ተቆርቁሮ ኪሱን የከፈተው ለምንድን ነው? የራሴ መልስ ይህ ነው፦ ያን ጭቃ በየዓመቱ በእግራቸው ስለሚረግጡት። የክረምቱ ዝናብ ገና ባላባራበት ወር፣ ስጦታ ተሸክሞ፣ መኪና ከቆመበት በኋላ ያለውን መንገድ በእግሩ የገባ ነጋዴ ስለ መንገድ ጥቅም ሰባኪ አያስፈልገውም። በዓሉ ጥር ላይ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ያገኙትና ምናልባት ማኅበሩ አሥር ዓመት ይዘገይ ነበር እያልኩ እቀልዳለሁ። ቀልዴ ግን ሙሉ ቀልድ አይደለም።

ከዚህ የምደርስበት ሐሳብ፣ ለትንሽ ከተማ በዓል ማለት ቀጠሮ ነው። አደይ አበባና የመስቀል ወፍ እንደሚገናኙት የተበተነው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይገናኛል። ሳይነጋገሩ የከረሙት ወንድማማቾች ይታረቃሉ፤ ተጣልቶ ከአንድ ገበታ መብላት ነውር ነውና። የድንበር ጠብ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ በሌላው ጊዜ ከሳሹ ወሊሶ፣ ተከሳሹ መርካቶ፣ ምስክሩ ጅማ ነው፤ ማን ማንን ያገኛል? ሽምግልና ይላካል፣ ጋብቻ ይታሰባል። ለውኃው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለጤና ጣቢያው መዋጮ የሚጠራው ያኔ ነው። የጠብ መፈታት የንግድ ጉዳይ አይመስል ይሆናል። ክርክር ያለበት መሬት ላይ ግን ማንም ሱቅ አይሠራም።

ዋጋን በተመለከተ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ የምከራከረው ጥቂት ነው። የትራንስፖርት ታሪፍ በመስቀል ዋዜማ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አንድ ዓመት ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ስሳፈር የተጠየቅሁትን ስከፍል፣ ወልቂጤ ደርሼ «ትርፍ ጭነሃል» ተብሎ መኪናው ሲቆም ደግሞ ሌላ መኪና ከፍዬ ገብቻለሁ። ቅቤም ይወደዳል። በደመወዝ የሚኖር መምህርና ልጅ ያልላከላት መበለት በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ ተፎካካሪያቸው ከአዲስ አበባ የመጣ ኪስ ነው። ለመበለቲቱ ከጎረቤት ሥጋ ይላካል፤ ይህ ባህል አልጠፋም። ለመምህሩ ግን ማንም አይልክለትም፤ «ደመወዝተኛ ነው» ይባላል። ይህን በዓሉን በማሳነስ ሳይሆን ታሪፉን በመቆጣጠርና የከብት ገበያው ላይ የደላላውን እጅ በማሳጠር ነው የሚፈቱት። የሚጨምረው ዋጋ ገበሬው እጅ ሳይደርስ መሀል መንገድ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሱት ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር።

አሁን ቁልቢ። የቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይነግሣል። ራስ መኮንን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወደ ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳና በአጠገቡ ያልፋል፤ ከድሬዳዋም ሩቅ አይደለም። ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር፣ ከውጭም ጭምር ሕዝብ ይጎርፋል። ከተማዋ ግን ከስሟ ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ናት። እውነት ነው።

ነገር ግን ማን ነው የሚመጣው? የሚመጣው ተሳላሚ ነው። ስለቱ ለገብርኤል ነው እንጂ ለከተማዋ አይደለም። ጃንጥላውን፣ ጧፉን፣ ያለውን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን አስገብቶ፣ የያዘውን ስንቅ በልቶ፣ ያደረበትን ድንኳን ጠቅልሎ ይሄዳል። ቁልቢ ላይ የሚያፈስ ጣሪያ ያላት እናት የለችውም። የሚያስታርቀው ወንድም፣ የሚያዋጣለት ትምህርት ቤት የለውም። ስለዚህ የቁልቢ ምሳሌ የሚያስረዳው ሕዝብ መብዛቱ ብቻውን ከተማ እንደማይሠራ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በዓል ከተማ አይሠራም ለማለት ግን አይበቃም፤ በእንግዳ የሚደምቅ በዓልና ልጆቹን የሚጠራ በዓል አንድ አይደሉም።

ላሊበላ በሁለቱ መካከል ናት። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ፣ ከዚያም ጦርነቱ ሲከተል የውጭ ጎብኚ ደብዛው ጠፋ፤ ለእሱ የተሠሩት ሆቴሎች ጭር አሉ፣ አስጎብኚዎቹ ሥራ ፈቱ። ሆቴል ባዶውን ይቀራል ለሚለው ነጥብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ጸሐፊው ለምን እንደተዉት ይገርመኛል። የገና ተሳላሚ ግን አልቀረም። የገናው ዝማሬ ቤዛ ኵሉ በማሜ ጋራ ላይ ሲወረብ ለማየት ከወሎና ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሸዋ በእግሩም በመኪናም መጥቷል። ብዙ ብር አይዝም፤ ሆቴሉን አይሞላም፤ ጠጅ ቤቱን፣ ጠላ ሻጯን፣ ጧፍ ሻጩን ግን ያን ዓመት ያሻገረው እሱ ነው።

ከጉራጌ ውጭ ቀጠሮው የሚሠራበት ቦታ ፈልግ ብባል የአገው ምድሯን ከተማ እንጅባራን እጠቅሳለሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን እያሰበ ጉግስና ሽርጥ የሚባሉትን የፈረስ ጨዋታዎች ያሳያል። ያ አንድ ቀን ነው። ፈረሱ ግን የአንድ ቀን እንግዳ አይደለም፤ 365 ቀን ይበላል። ኮርቻ ሠሪው፣ ልጓም ገማጁ፣ የፈረሱን ጌጥ ሰፊው፣ ሣር ሻጩ ሥራ የሚያገኘው ዓመቱን በሙሉ ነው። መኪናና ሞተር ብስክሌት በበዛበት ዘመን አገው ምድር ላይ ይህን ያህል ፈረስ ተጠብቆ የቆየው ጥር 23 ስላለ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

«አንድ ሳምንት ብቻ» ለሚለው ደግሞ ቡታጅራ አንድ ተጨማሪ መልስ አላት። ሙስሊሙ ጉራጌና ስልጤ አገር ቤት የሚገባው ለአረፋ ነው። አረፋ ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ይውላል። ያው መንገድ፣ ያው የከብት ገበያ፣ ያው ልብስ ሰፊ በዓመት ሁለቴ ይደምቃል። መስቀል ላይ ክርስቲያኑ ጎረቤት ሲገባ ሱቁን የሚጠብቅለት ሙስሊሙ ነው፤ በአረፋ ተራው ይገለበጣል። የመርካቶውን የተዘጋ ሱቅ ጉዳይ ሲያነሱ ይህንንም ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ቀሪው የሆቴሉ ነገር ነው። በትናንሽ ከተሞቻችን ለክብር ሲባል የተገነቡ፣ መስከረም ላይ ብቻ መብራት የሚበራባቸው ባለ ፎቅ ሆቴሎች እንዳሉ አልክድም። አንዱን ባለቤት «ለምን ሠራኸው?» ብዬው «አባቴ እዚህ ጋ ነው ጠላ ሲሸጡ የኖሩት» ብሎኛል። በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ይህ መልስ አይደለም። ምድር ቤቱን ግን ለእህል መጋዘን አከራይቶታል፤ ሁለተኛውን ፎቅ አንድ የግል ኮሌጅ ይዞታል።

በዓሉ ካለፈ የሚቀር የለም ላሉት ስመልስ የእናቴን የቅቤ ዕቁብ አነሳለሁ። መስከረም ሳይወጣ አባላቱ እንደገና ይሰበሰቡና ዕጣ ይጣላል። ሁሉም የሚመኘው የመጨረሻውን፣ ለመስቀል የሚቀርበውን ዕጣ ነው። ዓምና ለእናቴ የወጣላት የጥር ነበር። ቅር ብሏት ደወለችልኝና «ጥር ላይ ቅቤ ምን ያደርግልኛል?» አለች። በሳምንቱ ግን የሐምሌ ዕጣ ከደረሳት ጎረቤቷ ጋር ተለዋወጡ፤ ጎረቤቷ ጥር ላይ ልጅ ትድር ነበር። እናቴ ለልውውጡ ሁለት ጣባና አንድ ጉንዶ ቆጮ ጨምራላታለች።